ምን አጠጣሃት

ጥቅምት ፭

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ከመሰንበቱ በቀር ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የአባት ጭንቀት መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ጥያቄዎቹ መርማሪ እንደሚጠይቀው በተራ የተደረደሩ ሆነው አገኘኋቸው። እኔም በተራ እመልሳለሁ።

ልጅዎ ምን ትበላለች ላሉት፣ እኔ የምበላውን ነው። ከአንድ ሳህን። የምታበስለው ራሷ ናት፤ እኔ እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ እንደሌለኝ ከመጋባታችንም በፊት ነግሬዎታለሁ።

ቤታችሁ ማን ይገባል ማን ይወጣል ላሉት፣ የምንኖረው ከወርክሾፑ በላይ ባለችው ክፍል ነው። ታች ታላቅ ወንድሜና እኔ አልጋና ቁም ሳጥን እንሠራለን። እሱ ጣውላውን ይቆርጣል፣ ይገጥማል። እኔ ቫርኒሹን እረጫለሁ። ልጅዎ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። ሲመሽ ወንድሜ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከእኛ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም።

መድኃኒት ማን ሰጣት ላሉት፣ ሐኪም። መጀመሪያ ብሮንካይት ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘላት፤ አልተሻላትም። ከዚያ አክታዋ ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ የለባትም ተባለ። ሲመሻሽ ሳሉ ይነሳባታል፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ መተኛት ሲያቅታት መስኮቱን ተደግፋ ትቀመጣለች። ይህን ከእርስዎ ደብቄ አላውቅም። የአየር ለውጥ ይጠቅማት ይሆናል ብዬ ወደ እርስዎ የላክኋትም እኔው ነኝ። ክፉ ያሰበ ሰው ሚስቱን ወደ አባቷ ቤት አይልክም።

እርስዎ ጋ ከደረሰች ወዲህ ሳሉ እንደተዋት ጽፈውልኛል። ደስ ብሎኛል። ደስታዬንም አገላብጠው እንደሚያዩት አውቃለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «አንተስ ለምን አትታመምም?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የለኝም። በአንድ ቤት፣ በአንድ አየር ነው የምንኖረው። እኔ ደህና ነኝ።

አማችዎ


ጥቅምት ፲፬

ይድረስ ለልጄ ባል፣

ደህና ነኝ። እሷም ደህና ናት። ትናንት ከገበያ ድንች ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ስትገባ እየዘፈነች ነበር አሉ። አሉ የምልህ ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ፤ እኔ ያየሁት አፏ ሲንቀሳቀስ ነው።

«በስልክ ብንነጋገር ይሻላል» ብለሃታል። በጆሮዬ እየቀለድክ ካልሆነ በቀር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቦይለር ውስጥ ገብቼ ብረት ስቀጠቅጥ እንደኖርኩ ታውቃለህ። ጡረታ የወጣሁት ጆሮዬን እዚያው ትቼ ነው። ደግሞም ወረቀት ይሻላል። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ አልተባለም ይባላል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እዚህ ሆና የማትስል ሰው እዚያ ስትገባ የምትስል ከሆነ፣ እዚያ ቤት አንድ ነገር አለ። ነገሩ ወይ ይበላል ወይ ይጠጣል። ልጄን ሻይ ታበዢያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አበዛለሁ አለች። ማን ያፈላል አልኳት። ሥራ ሲበዛ እሱ አፍልቶ ያመጣልኛል አለች። አንተ ግን እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ የለኝም ብለህ ጽፈህልኛል። ሻይ ማፍላት ታዲያ ምን ሊባል ነው?

የምትጠጡትን የሻይ ቅጠልና ስኳር ላክልኝ። አዲስ ገዝተህ አይደለም። የተጀመረውን፣ ከነቆርቆሮው።

እሷ ይህን ደብዳቤ አላየችም። ስትጽፍላትም አታንሳባት።

አማትህ


ጥቅምት ፳፬

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ቆርቆሮውን በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬልዎታለሁ። ክዳኑ ላይ ያለው የጣት ምልክት ቫርኒሽ ነው። የእኔው ጣት ነው፤ ቢታጠብም ከእጄ አይለቅም። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ሻዩን መጀመሪያ ለድመትዎ እንደሚያቀምሱት ባለቤቴ ጽፋልኛለች። አዎ፣ ታውቃለች። እርስዎ ደብዳቤዎችን ትራስ ሥር ያስቀምጣሉ። አልጋውን የምታነጥፈው ግን እሷ ናት። ስቃ ነው የጻፈችልኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ስለ ወንድሜም ልንገርዎት፤ እሱም ይጠረጥራል፤ የእሱ ጥርጣሬ ግን ወደ እሷ ነው። «ሚስትህ የምትስለው ሥራ ሲበዛ ነው። ትእዛዝ ሲጠፋ ደረቷ ይከፈታል» ይለኛል። ነገሩን ሳስበው እውነቱን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስረጭ በዋልኩበት ሳምንት ሁሉ ይብስባት ነበር። ሥራ በቀዘቀዘበት ሳምንት እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰነፍ አለመሆኗን ግን እኔም እርስዎም እናውቃለን። በቀደም «ወንድምህ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ፤ ልስል ስል አፌን በክንዴ እይዛለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። እዚህ ሳለች አልነገረችኝም ነበር።

እንግዲህ እርስዎ እኔን ይጠረጥራሉ፣ እሱ እሷን ይጠረጥራል። እኔ ማንን ልጠርጥር?

ለመምጫዋ አልጋ እየሠራሁ ነው። እስካሁን የምንተኛበት ደንበኛ ጥሎት የሄደ ነው፤ ሲገላበጡበት ይጮኻል። አዲሱን ለደንበኛ እንኳ እንደዚህ አድርጌ አልሠራም። ክፍሉንም እቀባዋለሁ። አይንገሯት። ይህችን ደብዳቤ ደግሞ ትራስ ሥር አያድርጓት።

አማችዎ


ኅዳር ፫

ይድረስ ለልጄ ባል፣

ድመቷ ወፍራለች።

ሻዩን እኔም ጠጣሁት። ስኳሩን አሟጠን ጨረስነው። ምንም አላገኘሁም። ይህ ማለት አላገኘሁም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም።

«መቼ ትመለሳለች» ብለህ ስትጽፍ የሰነበትከው ለእሷ እንጂ ለእኔ አይደለም። መልሱ ግን ከእኔ ነው። ባገድም እገድ ነበር። ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቁማዋለች፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እሱን መዝለል ሰልችቶኛል። ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ ትመጣለች።

ከእኔ ቤት የምትወጣው ሳትስል ነው። ይህን ልብ በል። እንደወጣች አቆያት።

ስትደርስ ጻፍልኝ። እሷም ትጻፍልኝ። ሁለቱን አስተያያለሁ።

አማትህ


ኅዳር ፲፫

ይድረስ ለአባባ፣

ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ትተውት የሄዱትን ወረቀት አገኘሁት። ሁለት ቃል ነው፦ ምን አጠጣሃት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። ኦክስጅኑ ተነቅሎላት ይዘዋት ሲሄዱም ያየሁት ጀርባዎን ነው። ስለዚህ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ያጠጣኋት ውሃ ነው። ከቧንቧው ቀድቼ፣ እርስዎም ሲጠብቁ በጠጡበት ብርጭቆ።

ከአውቶቡስ ስትወርድ ደህና ነበረች። ሻንጣውን ልያዝልሽ ስላት እምቢ አለችኝ። መንገድ ላይ ምንም አልበላንም። ቤት ስንገባ ዓይኗን በእጄ ሸፈንኩና አልጋው ፊት አቆምኳት። ስለ አልጋው በዝርዝር የምጽፈው ስትደርስ ጻፍልኝ ስላሉኝ ነው። የራስጌው ጣውላ አንድ ወጥ ነው፣ ቅጥያ የለውም። ቫርኒሹን ከውዱ ዓይነት፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን፣ ትኩስ ውሃ ቢፈስበት እንኳ ነጭ የማይሆነውን ነው ያደረግኩለት። ሦስት እጅ ረጨሁት። የመጨረሻውን እጅ የረጨሁት እሷ በምትመጣበት ዋዜማ ነው፤ ከዚያ በፊት የደንበኛ ሥራ አላስነሳኝም። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ አቧራ ካረፈ የተለፋበት ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ጠቀጠቅኩት፣ በሩንም እስክትመጣ አልከፈትኩም።

ስታየው ሳቀች። «ፊቴን የማይበት መስታወት ነው እንዴ የሠራህልኝ» አለች። ጫማዋን አውልቃ ተጋደመችበት። እኔን ወንድሜ ጠራኝና ደንበኛ ላስተናግድ ወረድኩ። ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአልጋውን እግር ይዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሞቹ ነግረውዎታል።

የደበቅኩት ነገር የለም። ምን እንደነካት እኔም አላውቅም።

ደህና መድረሷን በአንድ መስመር እንኳ ቢያሳውቁኝ።

አማችዎ


ኅዳር ፳፩

ለልጄ ባል፣

ደርሳለች። ትተነፍሳለች።

ስለ ልጄ ጠየቅኩህ፣ ስለ አልጋ መለስክልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ስለ ሌላ ነገር በዝርዝር ያወራል። ይህን የተማርኩት ከፎርማኖቼ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ምን ይዘው መጡ አሉኝ። ሻይ ጠጥታ የወፈረች ድመት አለችኝ ልበላቸው? ተመለስኩ። የምይዘው ነገር ሳገኝ እንደገና እሄዳለሁ።

ሌላ ሴት አለችህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ስላልጠየቅኩህ አትመልስ።

እሷ ስለ አንተ ክፉ አይወጣትም። «አባዬ፣ እሱ እኮ ትንኝ እንኳ በመዳፉ ይዞ በመስኮት የሚያወጣ ሰው ነው» ትለኛለች። ትንኝ የሚያወጣበት መስኮት ያን ዕለት ለምን ተጠቀጠቀ አልኳት። ለአቧራው ነው አለችኝ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መልስ መስጠታችሁ አልጣመኝም።

ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት አትመለስም። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ጋብቻው ይፍረስ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ግን እያሰብኩት ነው። አንተም አስብበት።

አማትህ


ታኅሣሥ ፪

ይድረስ ለአባባ፣

ስላልጠየቁኝ አልመልስም። ግን የለችም።

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። ጉንፋኑ ተመልሶብኝ ነበር።

እርስዎ ሲቀመጡና ሲነሱ ጉልበትዎን እንደሚያምዎት፣ በርጩማው ከፍ ያለ ቢሆን እንደሚሻል ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች። በሥራ ብዛት ሳልሠራው ቀረሁ። አሁን ሠርቼ ልኬዋለሁ። በአንድ ቀን ነው የሠራሁት፣ የረጨሁትም የዚያኑ ዕለት። ሹፌሩ ቸኩሎ ስለነበር በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ ሰጠሁት። ሲፈቱት ትንሽ ሊያጣብቅ ይችላል።

ጉቦ አይደለም። ጉልበትዎ ከእኔ ጋር አልተጣላም።

አማችዎ


ታኅሣሥ ፲

ይድረስ ለልጄ ባል፣

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጃለሁ። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

በርጩማህ ደረሰ። በራችንን ዘግተን ሳሎን ውስጥ ፈታሁት። ላስቲኩ ከእግሮቹ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ በቢላ ነው ያስለቀቅኩት። ሽታው አፍንጫዬን መታው። ልጄ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ሽንኩርቱ የእኔ ነው፣ ቢላው የእኔ ነው፣ ውሃው የእኔ ነው። ማንም ምንም አልሰጣትም። ቀና ስል ቢላዋን ጥላ መስኮቱን ለመክፈት ትታገላለች።

በርጩማውን ወደ ውጭ ወረወርኩት። እሷንም አወጣኋት። ቆይታ ተሻላት።

ከዚያ «አስገባው» አለችኝ። እምቢ አልኩ። በማግስቱ እንደገና ጠየቀችኝ፣ ተቆጣኋት። ለጎረቤቴ ቁልፍ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ በርጩማውን ራሷ አስገብታ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ደረቷን ይዛ ትስላለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አየህ?» አለችኝ። አልሰማኋትም፣ ከከንፈሯ አነበብኩት። አንተን ነጻ ለማውጣት ነው ያደረገችው። ይህን እንድታውቀው ፈልጌ ነው እንጂ ባልጽፍልህ እመርጥ ነበር።

እዚህ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ የደረት ሐኪም አለች። ወሰድኳት። ሐኪሟ ስለ ምግብ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ «ከቤትሽ ርቀሽ ስትሰነብቺ ይሻልሻል?» አለቻት። የቀሩት ሐኪሞች ይህን ሳይጠይቁ ሽሮፕ ሲያዙ ነው የከረሙት።

ነገሩ ቫርኒሹ ውስጥ የምትደባልቀው ማጠንከሪያ ነው። በምትረጨው ጊዜ ጉሙን ትተነፍሰዋለች። አንዳንድ ሰው ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ምንም ሳይሆን ይኖርና አንድ ቀን ሰውነቱ ያን ነገር እንደ ጠላት ያየዋል አለች። ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃል፤ የአየር ቧንቧው ይዘጋል። የጨርቅ ጭምብል አያግደውም። ዋናው መድኃኒት መራቅ ነው። ሳይርቁ ከቆዩ ደግሞ ርቀውም የማይሻላቸው አሉ።

እንግዲህ አንተን ስጠረጥር ከርሜያለሁ፤ በርጩማው ነጻ አወጣህ። ሙያህን ግን አሳሰረው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐኪሟ ስንወጣ ጠርታኝ «ባልየውስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ቃሉን ወረቀት ላይ አጻፍኳት፣ በትክክል እንዳነበብኩ እርግጠኛ ለመሆን። ደህና ነው አልኳት። ከሥሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጻፈችበት።

ምን ልበላት?

አማትህ


ታኅሣሥ ፳፪

ይድረስ ለአባባ፣

ደብዳቤዎን እንደጨረስኩ ወደ ላይ ወጥቼ አልጋውን ፈታሁት። ጣውላውን ከቤት አውጥቼዋለሁ። መስኮቱን በገዛ እጄ የጠቀጠቅኩበትን ጨርቅ ሳወጣ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም።

ለሐኪሟ ባልየው ደህና ነው ይበሏት።

ይልቅ ያሰብኩትን ልንገርዎት። ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣ ባዶ መጋዘን አለ። የመርጨቱን ሥራ ወደዚያ አዛውረዋለሁ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በሁለት በኩል በር አለው፣ አየር ያሳልፋል። አየር የሚገፋልኝን ኮምፕሬሰር ውጭ አቆመዋለሁ። የሥራ ልብሴን እዚያው አወልቃለሁ። ጎማ ጠጋኙ ቧንቧ አለው፣ ታጥቤ ነው ወደ ቤት የምገባው። ልብሴን ለብቻ አጥባለሁ፣ እሷ አትነካውም። ማለስለሱንም ከእንግዲህ አትሠራም። የቤቱን ግድግዳ ፍቄ እንደገና በኖራ እቀባዋለሁ። ማጣሪያ ያለው ጭምብል እገዛለሁ፤ የት እንደሚሸጥ አጠያይቄያለሁ። ካርቶን ላይ የመጋዘኑን ንድፍ አውጥቼ ለወንድሜ አሳየሁት። «እኔ ይህን ቫርኒሽ ከተወለድክ ጀምሮ ስተነፍሰው ኖሬ ይኸው ፈረስ አህላለሁ። ሚስትህ ወርክሾፑን ከፍላ ልትወስድ ነው» አለ። ንድፉን ግን ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ይህ ሁሉ እስከ መጋቢት ያልቃል። ያኔ ትመለስልኝ። ካላመኑኝ እርስዎ መጥተው ያሽትቱ።

ጽሑፌ ስለተንጋደደ ይቅርታ፣ ጉንፋኑ ነው።

አማችዎ


ጥር ፲፬

ይድረስህ፣

መጥተው ያሽትቱ አልከኝ። መጣሁ። አስቀድሜ አለመንገሬ ይቅር ይባልልኝ፤ ተነግሮ የሚታይ ነገር ማየት ያስጠላኛል።

ከወርክሾፓችሁ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ውስጥ፣ መስታወቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዝኩ። ስጠጣው ድመቷ ትዝ አለችኝ። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ በጫማዬ ሶል በኩል ተሰማኝ። ስለዚህ መርጨቱ ገና እዚያው ነው ማለት ነው። ይሁን፣ መጋቢት ነው ያልከው። ለዚህ አልወቅስህም።

ቆይቶ ቆመ። አንተ የቁም ሳጥን በር ተሸክመህ ከወርክሾፑ ወደ መንገድ የሚያወጣውን ደረጃ መውጣት ጀመርክ። መኪናው መንገድ ላይ ይጠብቅሃል። ደረጃው አጭር ነው፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ እወጣዋለሁ። መሃሉ ላይ ቆምክ። በሩን ግድግዳ ላይ አስደገፍከው። ወደ ኋላ ዞረህ ወንድምህ አለማየቱን አየህ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ማሰሪያ ማሰር ጀመርክ። ብዙ ቆየህበት። ሻዬ እስኪበርድ ድረስ።

ስትወጣ አየሁት። ጫማህ ማሰሪያ የለውም።

እኔ ጆሮ ስለሌለኝ የሰው ትንፋሽ የማውቀው በትከሻው ነው። ያንተ ትከሻ ጎንበስ ባልክበት ከፍ ዝቅ ሲል ከመንገዱ ማዶ ይታይ ነበር። ቦይለር ውስጥ አብረውኝ ከሠሩት መካከል ደህና ነኝ ባዮችን በደንብ አውቃለሁ። ስንቀብራቸውም ደህና ነበሩ።

ገብቼ ልጨብጥህ አሰብኩ። ወንድምህ ፊት አላደርገውም ብዬ ተመለስኩ።

ቤቴ ደርሼ ደብዳቤዎችህን ሁሉ አወጣኋቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉንፋን አለ። በጥቅምት ጉንፋን፣ በታኅሣሥ ጉንፋን፣ ተመልሶ ጉንፋን። በመጨረሻው ደብዳቤ ስለ መጋዘን ሁለት ገጽ ጻፍክልኝ፣ ስለ ደረትህ አንድ መስመር። በኅዳር ምን ብዬህ እንደነበር ታስታውሳለህ።

ይኸው ያን ሁሉ ጊዜ ስጠረጥርህ የከረምኩት በከንቱ አልነበረም። ውሸቱ ነበር። እኔ የፈለግኩት በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በጥቅምት «እኔም እስላለሁ» ብለህ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ ከሰው እጅ ሳይሆን ከቤቱ እንደሆነ እኔ ደንቆሮው እንኳ እደርስበት ነበር። ልጄም እዚያ አልጋ ላይ ባልተጋደመች ነበር።

ለምን?

መልሱን በወረቀት አልፈልግም። ዓይንህን እያየሁ ንገረኝ። ሐኪሟ ሐሙስ ሐሙስ አለች። ረቡዕ ግባ። ከዚያ ቤት ሻንጣም ልብስም ይዘህ እንዳትመጣ። የምትለብሰውን እኔ እሰጥሃለሁ።

ስለ ጫማው ለእሷ አልነገርኳትም። ራስህ ትነግራታለህ።

አማትህ


ጥር ፳

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና አይደለሁም።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት የእሷ ደረሰኝ። የእርስዎን ጽፈው ሳይልኩት ትራስ ሥር አሳድረውት ኖሯል። የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ከመቼ ጀምሮ?»

ከእሷ በፊት ነው። ካለፈው ዓመት። ሲመጣብኝ እንጨት ላመጣ ነው እያልኩ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። እሷ ማሳል ስትጀምር ከእኔ የተጋባባት መስሎኝ አክታዬን ለብቻዬ አስመረመርኩ። ነቀርሳ የለብህም ሲሉኝ እንግዲያ ምንም የለብኝም ብዬ ተቀበልኩት።

ዓይን ለዓይን ሲሆን እንዳይጠፋብኝ መልሱን እዚህም እጽፈዋለሁ። እኔም ታምሜያለሁ ብል የእርስዎ ጥርጣሬ ያን ዕለት ያበቃልኝ ነበር። አውቀው ነበር። ግን አንድን ሰው የሚያሳምም ቤት ነገር ይፈለግበታል፣ ሁለት ሰው የሚያሳምም ቤት ይዘጋል። ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ እሷን የት ብዬ ነው የምጠራት? እኔ ከመርጨት ሌላ የማውቀው የለም። ክፉ ሰው መባሉ ይሻለኛል ብዬ መረጥኩ። ክፉ ሰው ቢያንስ ቤት አለው። አልጋው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ለወንድሜ ትናንት ነገርኩት። «ሁልጊዜ አንተ የጀመርከውን እኔ ልጨርስ» ብሎ መጋዙን አስነሳ። ዛሬ ጠዋት ስወርድ ግን የወርክሾፑን መስኮቶች በሙሉ ከፍቷቸው አገኘሁ። አንደኛው ለዓመታት በቀለም ተጣብቆ የነበረ ነው፤ በመሮ ነው ያላቀቀው። እንዴት ነህ አላለኝም። እኔም አላልኩትም።

ረቡዕ እመጣለሁ። ልብሴን ሳልቀይር ቤት አልገባም። በርጩማዬን ካልፈለጡት ከውጭ ያቆዩልኝ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሱሪዎ እንደሚያጥረኝ አውቃለሁ። እንዳትስቅብኝ ይንገሯት፤ ያስላታል።

አማችዎ